የሰፈራችሁን «የዓመቱ ምርጥ ድራማ» ሽልማት እንዴት ታዘጋጃላችሁ? (ለሐዋሳ ልጆች)

ሐዋሳ ውስጥ የትኛውም ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ «ዘንድሮ ምርጡ ድራማ የቱ ነው?» በሉ። ሒሳብ ከፍላችሁ እስክትወጡ ክርክሩ አያልቅም። አንዱ ለተዋናይዋ ይሟገታል፣ ሌላው ደራሲውን ያነሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ድራማውን አንድም ክፍል ሳያይ ቲክቶክ ላይ ባያት ቁራጭ ብቻ ጠረጴዛ ይደበድባል። ታዲያ ለምን በድምፅ አንለየውም? ቀይ ምንጣፍ አያስፈልግም። አዳራሽም አያስፈልግም። አንድ ካፌ፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤትና ቶሎ የማይኮራረፉ ሦስት አራት ጓደኞች ካሉ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንግባባ። ተመልካች የሚመርጠው ሽልማት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሚያጭበረብር ሰው አይደለም። የሚበላሸው ያላየ ሰው ሲመርጥ ነው። ስሙን የሚያውቀውን፣ ፎቶው ያማረለትን፣ ጓደኛው «ለእሷ ስጥልኝ» ያለውን ይመርጣል። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ይህን ለመከላከል ነው።

1. ማን ነው የሚመርጠው?

በዓለም ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባለሙያ የሚመርጠው ነው። የአሜሪካው ኤሚ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን ሰዎች ድምፅ የሚሰጥ ሽልማት ነው። እኛ አገር ለፊልም የሚሰጠው ጉማም በዋናነት በዳኞች ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ተመልካች ወይም አድማጭ የሚመርጠው ነው፤ ከሬዲዮ ፕሮግራም የተወለደው «ለዛ» ሽልማት እዚህ ይመደባል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሌጎስ ላይ የተጀመረው የአፍሪካ ማጂክ የተመልካቾች ምርጫ ደግሞ ሁለቱን ቀላቅሎ የተወሰኑ ምድቦችን ለሕዝብ፣ የቀሩትን ለዳኞች ይሰጣል።

ከሁሉም የሚያስተምረው የአሜሪካኖቹ ፒፕልስ ቾይስ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ድምፅ ስጡ ተብሎ ለማንም አልተለፈፈም። አሸናፊውን የሚለየው ጋሎፕ የሚባለው ድርጅት የአስተያየት ጥናት ነበር፤ ማለትም ጠያቂው ነው ሰው ጋ የሚሄደው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ወደ ኢንተርኔት ገባና ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ሰው ነው ወደ ድምፅ መስጫው የሚመጣው። ማን ይመጣል? ደጋፊው የበዛለትና ደጋፊውን «ዛሬም ግቡ፣ ነገም ግቡ» ብሎ የሚያሰልፍ ነዋ። እንግሊዝ አገር ደግሞ አንት እና ዴክ የሚባሉት ጥንድ አቅራቢዎች በብሔራዊ የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የምርጥ አቅራቢነቱን ዘርፍ ይወስዳሉ። ጎበዝ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል፣ እሺ። ግን ሕዝብ አንዴ ከለመደ እጁ ራሱ ወደዚያው ይሄዳል።

የእናንተ ትንሽ ነውና ሙሉ በሙሉ ተመልካች ይምረጥ። አንድ ሕግ ብቻ ጨምሩበት፦ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ሦስተኛውን ዓመት ይረፍ። ይጮኻሉ፤ ይጩኹ።

2. ዓመቱን ቁረጡ

ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ አድርጉት፣ ለሁሉም ይገባል። ምዕራፍ ሁለት ይሁን ምዕራፍ አምስት ግድ የለም፤ በእነዚህ ወራት የተላለፈው ክፍል ብቻ ይቆጠራል። ድሮ ተላልፎ ዘንድሮ የተደገመ አይገባም። ዩቲዩብ ላይ ብቻ የሚወጡ ተከታታዮችስ? በበኩሌ ይግቡ ባይ ነኝ፤ ዛሬ ግማሹ ሰፈር ድራማውን የሚያየው በስልኩ ነው። ዋናው ነገር ከምርጫው በፊት ወስናችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በኋላ የተወሰነ ነገር ሁሉ «ለእሱ ብላችሁ ነው» ያስብላል።

3. ምድብ አታብዙ

ስድስት ይበቃል። ምርጥ ተከታታይ ድራማ፣ ምርጥ ኮሜዲ፣ ምርጥ ተዋናይት፣ ምርጥ ተዋናይ፣ ምርጥ አዲስ ፊት። ስድስተኛውን ለጨዋታ ተዉት። ለምሳሌ «የዓመቱ ክፉ ሰው» ብትሉ ከሁሉም በላይ የሚያጨቃጭቀው እሱ ይሆናል። ክፉ ሆኖ የተወነ ሰው ገበያ ወጥቶ የሚሰደብበት አገር ላይ ነን፤ ቢያንስ አንድ ቀን ይጨብጨብለት።

የትርጉም ድራማ ነገር ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የውጭ ድራማዎች፣ በተለይ የቱርኮቹ፣ ቤታችን ገብተው ቤተሰብ ሆነዋል። ከአገር ውስጦቹ ጋር በአንድ ምድብ ካስገባችኋቸው ሁለት ችግር ይመጣል። አንደኛ፣ በጀታቸው አይገናኝም። ሁለተኛ ደግሞ ሽልማቱ የማን ነው? ፊቱ ኢስታንቡል ነው፣ ድምፁ አዲስ አበባ ነው። ተመልካቹ «ስታለቅስ ሆዴን በላችው» ሲል ያላቀሰችው የትኛዋ እንደሆነች አይለይም። የቱርኳ ተዋናይት ስለ እናንተ ካርቶን መቼም አትሰማም። ድምፅዋን የሰጠችው ልጅ ግን ትሰማለች፤ ደግሞ ስሟን የሚያውቅ ሰው የለም።

ስለዚህ የትርጉም ድራማ ለሚወድ ሰፈር «ምርጥ የአማርኛ ድምፅ» የሚል ምድብ ክፈቱ፤ የጨዋታውን ቦታ እሱ ይውሰድ። አመራረጡም ለብቻው ይሁን። ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍኑት። ከእያንዳንዱ እጩ አንድ ደቂቃ ያህል ድምፅ ብቻ አሰሙ፤ አንድ ቁጣ፣ አንድ ለቅሶ፣ አንድ ተራ ወሬ። ተራ ወሬውን አትዝለሉት፤ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ነው። ማልቀስ ሁሉም ይችላል፣ «ሻይ ትጠጫለሽ?» የምትለውን በሌላ ሰው አፍ ልክ ማለት ነው ሥራው። ስማቸውን ፈልጋችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ የገጸ ባሕሪዋን ስም ብቻ ጽፎ ማለፍ ነውር ነው።

4. እጩ አወጣጥ

ኢቲቪ ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ሥራ ቀላል በሆነ ነበር፤ አገር ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ድራማ ነበር የሚያየው። ዛሬ አንዱ ቤት በነፃ ዲሽ የሚመጡትን ጣቢያዎች ያያል፣ ሌላው ቤት ዲኤስቲቪ ይከፍልና አቦል የሚባለውን ጣቢያ ይከታተላል፣ ተማሪው ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ዩቲዩብ ላይ አራት ክፍል በአንድ ሌሊት ይጨርሳል። ታቦር ሥር ያለ ሰው የሚያወራውን ድራማ ሐይቅ ዳር ያለው ጭራሽ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ኮሚቴው ከራሱ አያውጣ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰውን ጠይቁ። ሲጠየቅ ምንም ስም አትጥሩለት፣ ፖስተር አታሳዩት። «ዘንድሮ ካየኸው ድራማ የቱ አልረሳህ አለ?» ብቻ በሉት። ራሱ አስታውሶ የጠራው ነው ያየው። ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ለዚህ ደረጃ ይጠቅማል፤ ፖል አትክፈቱ፣ ሰዉ በኮሜንት ይጻፍ። የጋሪ ባለሙያውንም፣ ባጃጅ ሾፌሩንም፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠማርታ ማታ ደክሟት የምትገባዋንም ልጅ ጠይቁ። እሷ የምታየው ድራማ የማታ ሰዓት ድግግሞሽ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ጭራሽ ያላሰባችሁት።

በየምድቡ ብዙ የተጠሩትን አምስት ያዙ። ከአምስት ካለፈ ወረቀቱም ይጠባል፣ ሰዉም ይሰለቻል።

ደግሞ ሐዋሳ ነን። በሲዳሙ አፎ የሚቀርቡ ፕሮግራሞችን የሚከታተል ብዙ ሰው አለ። መጠይቁን በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጁ፤ የሚያነብላችሁ ጎረቤት አይጠፋም።

5. የማሳያ ምሽት

ከምርጫው በፊት አንድ ምሽት እጩዎቹን አሳዩ። ከእያንዳንዱ አንድ ትዕይንት፣ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ ሁሉም እኩል። ትዕይንቱን የሚመርጠው የዚያ ድራማ አድናቂ ይሁን፤ ኮሚቴው ከመረጠ «ሆን ብላችሁ ደካማውን» ይባላል። ሙሉ ክፍል ግን አታሳዩ፣ መግቢያም አታስከፍሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በሰው ሥራ ትኬት መቁረጥ ጣጣ ነው። ከተቻለ ለአዘጋጆቹ በገጻቸው ጽፋችሁ አስፈቅዱ። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ቀኑን ስትቆርጡ የኳስ ፕሮግራም አይታችሁ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ላይ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ካለ የትኛውም ካፌ ቴሌቪዥኑን አይሰጣችሁም፤ ቢሰጣችሁም ሰው አይመጣም። ሐሙስ ምሽት አሪፍ ነው። መብራት ስለማይታመን ስልክና ስፒከር ሞልታችሁ ያዙ።

6. የድምፅ መስጫ ወረቀት

የሥራው እምብርት ይቺ ወረቀት ናት። ኤፎር ለሁለት ቁረጡ። በእያንዳንዱ እጩ ስም ጎን ሁለት ሳጥን አድርጉ። የመጀመሪያው «አይቻለሁ»፣ ሁለተኛው «መርጫለሁ»። መራጩ መጀመሪያ ያየውን ሁሉ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ካያቸው ውስጥ አንዱን ይመርጣል። «አይቻለሁ» ሳይል የመረጠው አይቆጠርም። በአንድ ምድብ ውስጥ ያየው አንድ ብቻ ከሆነ ያንን ምድብ ይዝለለው፤ ሳያወዳድር መምረጥ ምርጫ አይደለም። ሰው ይዋሻል ትሉኝ ይሆናል። ይዋሻል፣ ግን ከምትገምቱት ያነሰ። «አይቻለሁ» የሚል ሳጥን ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ ብዙ ሰው ያፍራል።

የእጩዎቹን ፎቶ አድርጉበት። ማንበብ የሚቸገሩ እናቶች ከሁላችንም በላይ ድራማ ይከታተላሉ። «ልጄ፣ እኔ ፊደሉ አይታየኝም» ሲሉ «እማማ፣ ፎቶው ላይ ይጫኑ» ማለት ብቻ ነው። ግን አጠገባቸው ቆማችሁ አትምረጡላቸው። «ይቺ ናት አይደል የሚወዷት?» ካላችሁ አለቀ፣ የእናንተ ድምፅ ሆነ። የፎቶዎቹ መጠን እኩል ይሁን፤ አንዷን ሜካፕ ተቀብታ፣ ሌላዋን የእስር ቤት ትዕይንት ላይ አታድርጓት።

ከወረቀቱ ጀርባ ከኮሚቴው ሁለት ሰው ይፈርምበት። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ አርባ አባዝቶ የሚመጣ ጀግና አይጠፋም፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከተፈረመ ግን በጥቁርና ነጭ ኮፒ ላይ ፊርማው ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ ትለዩታላችሁ።

7. ወረቀት ወይስ ስልክ?

ለመጨረሻው ምርጫ ወረቀት። የቴሌግራም ፖል ፈጣን ነው፤ ግን አንድ ሰው ሁለት ሲም ካለው ሁለት አካውንት አለው፣ ሊንኩ ደግሞ አንዴ ከወጣ ጅማም ጎንደርም ይደርሳል። የአድናቂዎች ግሩፕ ውስጥ ከወደቀ በአንድ ሌሊት ውጤቱ ይገለበጣል። በጎግል ፎርም መሥራት ካማራችሁ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞላ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት፤ ያኔ በጎግል አካውንት ካልገባ አይቀበለውም። እሱም ቢሆን ኢሜይል የሌላቸውን እማማን አስቀረባችሁ።

የአጭር ቁጥር ኤስኤምኤስ ለሰፈር አይሆንም። 8100ን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ለግድቡ ነበር፤ ያ የአገር ሥራ ነው። ብር እየተከፈለ የሚሰጥ ድምፅ ደግሞ ከነጭራሹ አታስቡት። ያ የኪስ ውድድር ነው። «ድምፅ ለሰጡ ዕጣ እናወጣለን» ማለትም ያምራል፤ ግን ዕጣ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ብሔራዊ ሎተሪ ጋ ያስኬዳችኋል። ሻይ ጋብዙና ተገላገሉ።

8. የምርጫው ዕለት

ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ከክረምት የተመለሰው ሰው ይሰበሰባል። ረቡዕና ዓርብ አይሁን፣ በኋላ ምሳ መብላታችሁ አይቀርም። ዓሣ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከድራማው ይብሳል።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር እናድርገው የሚል አይጠፋም። ለፎቶ ያምራል። ግን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ወረቀታችሁን ይዞ ይሄዳል፤ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍም ምሳችሁን ሲጠባበቅ አጠገባችሁ ይቆማል። ምርጫውን ቤት ውስጥ ጨርሱ፣ ዓሣውን አሞራ ገደል ብሉ።

ሰው ይበዛል ብላችሁ ካሰባችሁ ለቀበሌው ቀድማችሁ አሳውቁ። ካርቶኑን ባዶ መሆኑን ለሁሉም አሳዩና በፕላስተር አሽጉት፣ ወረቀት የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ይቅር። የመረጠ ሰው ጣቱን ማኅተም መርገጫው ቀለም ላይ ይጫን። ስም መመዝገብ አያስፈልግም፣ ስልክ ቁጥርም አትጠይቁ፤ የልጆችን ስልክ ሰብስቦ የሚጠፋ አዘጋጅ ስለማይጠፋ ሰው ይፈራል።

9. ቆጠራ

እዚያው፣ ወዲያው፣ ጮክ ተብሎ። ካርቶኑን ወደ ቤት ወስዳችሁ «ነገ እናሳውቃለን» ካላችሁ ሽልማቱ ሞተ። አንድ ሰው ወረቀቱን ከፍቶ ያነባል፣ ሁለተኛው ጎኑ ሆኖ ያያል፣ ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ ይጭራል፦ አራት የቆሙ መስመሮች፣ አምስተኛዋ ተሻጋሪ። ከየእጩው ደጋፊ አንድ አንድ ታዛቢ ፊት ለፊት ይቀመጥ። ከሁሉም የሚጮኸውን አድናቂ አንባቢ አድርጉት፤ ሥራ ሲይዝ ዝም ይላል።

የሚያስቸግር ነገር አለ። እንበል 100 ሰው መረጠ። ከአንድ ድራማ ሁለት ተዋናዮች እጩ ናቸው፤ አንዱ 33፣ ሌላው 32 አገኘ። ከሌላ ድራማ የመጣው ብቻውን 35 ወሰደና አሸነፈ። 65 ሰው የዚያኛውን ድራማ ሰዎች ፈልጎ እያለ ድምፁ ተከፋፍሎ ተበላ። መድኃኒቱ ሁለተኛ ዙር ነው። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እጅ በማውጣት ይለዩ። ምሥጢራዊ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ፈጣን ነው፣ ሁሉም ያየዋል። እኩል ከሆኑ ሁለቱም ይሸለሙ፤ ዕጣ አትጣሉ።

አሁን ወደ «አይቻለሁ» ሳጥን ተመለሱ። እንበል አንድ ድራማ 80 ሰው አይቶት 30 ድምፅ አገኘ። ሌላው 20 ሰው ብቻ አይቶት 15ቱ መረጡት። የመጀመሪያው በብዛት አሸንፏል፣ ዋናው ሽልማት የእሱ ነው፣ ደንብ ደንብ ነው። ሁለተኛው ግን ካዩት አራት ሰዎች ሦስቱን ማርኳል፤ የተሸነፈው በጥራት ሳይሆን በሚታይበት ጣቢያ ነው። ለእሱ «ያየው ሁሉ የወደደው» የሚል ሁለተኛ ሽልማት አዘጋጁ። ቢያንስ 15 ሰው ያየው ይሁን፣ አለዚያ ሁለት ጓደኛሞች ያዩት ነገር መቶ በመቶ ሆኖ ይወጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁለቱ የማምነው ይሄኛውን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰፈሩ ፈልጎ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

10. ሽልማቱ

ከስፖርት ዕቃ መሸጫ የሚገዛው ወርቃማ ፕላስቲክ ዋንጫ አያምርም፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ይላላጣል። በዚያ ብር የሲዳማ ቡና ግዙ፣ በጥሩ ከረጢት አድርጉት። ከቀርከሃ የሚሠሩ ልጆች ካወቃችሁ ትንሽ ማስታወሻ አሠሩ። የምስክር ወረቀቱ ላይ የአሸናፊው ሙሉ ስም፣ የአባት ስም ጭምር፣ በትክክለኛው ፊደል ይጻፍ፤ ኃይሌን በየትኛው «ሀ» እንደሚጽፉ ራሳቸውን ጠይቁ።

ተዋናዮቹ ይመጣሉ ብላችሁ ፖስተር አትለጥፉ። አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ ቀረጻ አለባቸው። በገጻቸው ጻፉላቸውና አጭር የድምፅ ወይም የቪዲዮ መልእክት ለምኗቸው። ደግሞ «ይመጣል» ተብሎ ከቀረ ሰው የሚቀየመው ተዋናዩን ነው፣ ያ ደግሞ ፍርድ አይደለም።

11. ውጤቱን ስትለጥፉ

ቁጥሩን ሙሉውን አውጡት። ስንት ሰው መረጠ፣ ስንት ወረቀት ተበላሸ፣ ለምን፣ እያንዳንዱ እጩ ስንት አገኘ፣ ስንት ሰው አይቶታል። የሰሌዳውን ፎቶ ጨምሩበት። «የሐዋሳ ሕዝብ መረጠ» ብላችሁ አትጻፉ። «በአቶቴ እንዲህ ያለ ካፌ የተሰበሰቡ 96 ሰዎች መረጡ» በሉ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ማንም አይነቅፈውም፣ ተዋናይዋም ስታነበው ስንት ሰው እንደወደዳት ታውቃለች።

ወረቀቶቹን በካርቶኑ አሽጋችሁ አንድ ሳምንት አስቀምጡ። ቅሬታ ያለው ይምጣ፣ ፊቱ ይከፈትለት፣ ራሱ ይቁጠር። ሳምንቱ ሲያልቅ ለቆሎ ሻጭዋ ስጧት፤ ስም የለበትም፣ ለመጠቅለያ ይሆናታል።